ከሐዋሳ ብድር ክፍል ወደ ኢንቨስትመንት ባንክ፣ በየት በኩል?

ጥያቄ፦

"የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ እሠራለሁ። መጀመሪያ ቴለር ነበርኩ፣ አሁን የብድር ባለሙያ ነኝ። የተመረቅኩት በግብርና ኢኮኖሚክስ ነው። የአክሲዮን ገበያው ከተከፈተ ወዲህ ልቤ ኢንቨስትመንት ባንክ ላይ ነው። ግን የፋይናንስ ዲግሪ የለኝም፣ ውጭ አልተማርኩም፣ አዲስ አበባም አይደለሁም። አንድ ማሠልጠኛ በ45 ሺህ ብር የሦስት ሳምንት ኮርስ ሰጥቶ 'የኢንቨስትመንት ባንከር ሰርተፍኬት' እንደሚሰጠኝ ነግሮኛል። ጓደኛዬ 'ሰው ከሌለሽ አትድከሚ' ትለኛለች። እናቴ ደግሞ 'ቋሚ ሥራሽን እንዳትለቂ' ብላ ይዛኛለች። ለቅቄ አዲስ አበባ ልምጣ ወይስ ይቅርብኝ?"

ብ. ነኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ውድ ብ.፣

መጀመሪያ የ45 ሺህ ብሩን ነገር እንጨርስ። አትክፈዪ።

ኮርሱ ምንም አያስተምርም ማለቴ አይደለም። ሊያስተምር ይችላል። ችግሩ ያለው ሰርተፍኬቱ ላይ ነው። በካፒታል ገበያ ውስጥ ለመሥራት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። ማሠልጠኛው "ባንከር" ብሎ ቢያስመርቅሽ ወረቀቱ ግድግዳ ከማሳመር አያልፍም። ትምህርቱን ከፈለግሽው በነፃ አለ። አስዋት ዳሞዳራን የሚባሉ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የአንድን ኩባንያ ዋጋ እንዴት እንደሚያወጡ የሚያስተምሩበትን ሙሉ ኮርስ ከነኤክሴል ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት አድርገውታል። አውርጂና በየማታው ትንሽ ትንሽ ሂጂበት። ያን ብር ደግሞ ለላፕቶፕ አስቀምጪው።

ሲኤፍኤ (ዓለም አቀፉን የኢንቨስትመንት ተንታኞች ፈተና) ልጀምር ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ነገ የሆነ ሰው ይመክርሻል። ጥሩ ፈተና ነው። ሦስት ደረጃ አለው፤ የአንዱ ደረጃ ክፍያ ብቻ ከ1 ሺህ ዶላር ያልፋል። በቅርንጫፍ ደመወዝ አሁን አይሞከርም። ከገባሽ በኋላ ቀጣሪሽ ይክፈልልሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መደበኛውን መንገድ አልያዝኩም ብለሽ ተጨንቀሻል። መደበኛው መንገድ የቱ ነው? ኒውዮርክ ላይ መልሱ የታወቀ ነው። ልጁ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ገና ሁለተኛ ዓመት ሳለ ለክረምት ልምምድ ያመለክታል። ልምምዱ ላይ ከተወደደ ሳይመረቅ ሥራው ይጠብቀዋል። ያ ሰልፍ ያመለጠው ሰው ነው ዙሪያውን የሚዞረው፤ በኦዲት ድርጅት፣ በትንንሽ ባንኮች ወይም ዘግይቶ በኤምቢኤ።

አዲስ አበባ ላይ ግን ሰልፉ ራሱ ገና አልተሠራም። የካፒታል ገበያ አዋጁ፣ ቁጥር 1248፣ የወጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው። ፈቃድ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ኢንቨስትመንት ባንኮች መካከል ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል አሉ። ገበያው ገና በዚህ ዕድሜው፣ ፈቃድ ባለው የአገር ውስጥ ኢንቨስትመንት ባንክ የአሥር ዓመት ልምድ ያለው ሰው ከየት ይመጣል? ወንበሩ ላይ ያሉት ከንግድ ባንክ፣ ከኦዲት፣ ከሕግ፣ ከአማካሪ ድርጅት ወይም ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። ሁሉም በጎን በር ነው የገባው፤ ማንም አይኩራብሽ።

ይህ ለዘላለም አይቆይም። የትልቁን የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ባንክ፣ የጎልድማን ሳክስን ሲድኒ ዋይንበርግ ተመልከቺ። ትምህርቱን በልጅነቱ ያቋረጠ የብሩክሊን ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ወደዚያ ቤት የገባው የጽዳት ሠራተኛ ረዳት ሆኖ ነው። ከ1930 ጀምሮ በ1969 እስኪሞት ድረስ ድርጅቱን መራ። ይህን ታሪክ ለማነቃቂያ የሚያወሩ ሰዎች አንድ ነገር ይዘላሉ። ዛሬ በትልልቆቹ ባንኮች መጥረጊያ ይዞ ገብቶ አለቃ የሚሆን የለም። ያኔ የሆነው ሙያው ገና ልጅ ስለነበረ፣ የመግቢያ ደንብም ስላልወጣለት ነው። እኛ አገር ያ ጊዜ አሁን ነው። ጥቂት ዓመታት ቢያልፉ የሰው ኃይል ክፍሎቹ "በፋይናንስ ማስተርስ፣ ከዚህ ነጥብ በላይ" ማለት ይጀምራሉ። ያኔ የግብርና ኢኮኖሚክስ ዲግሪሽ ያለበት ሲቪ ሳይነበብ ይቀራል። ስለዚህ "ይቅርብኝ ወይ?" ላልሽው፣ አይቅርብሽ።

ሥራው ምንድን ነው የሚለውን በአጭሩ ላስቀምጠው። ኢንቨስትመንት ባንክ ቁጠባ አይሰበስብም። ገንዘብ የሚፈልግ ኩባንያ አክሲዮን ወይም ቦንድ እንዲሸጥ ያዘጋጀዋል። ሒሳቡን ይመረምራል፣ ዋጋ ያወጣለታል፣ ፕሮስፔክተስ የሚባለውን የመግለጫ ሰነድ ይጽፋል፣ ባለሥልጣኑ ዘንድ ያስጸድቃል፣ ገዢ ይፈልጋል። ኩባንያ ሲሸጥና ሲዋሐድም ያማክራል። ከዚህ ውስጥ ግማሹን አንቺ ትሠሪዋለሽ። ስሙ ሌላ ስለሆነ ነው ያላወቅሽው።

እንዴት መሰለሽ? የአንቺ ቅርንጫፍ ሲዳማ ውስጥ ስለሆነ፣ ጥቅምት ሲገባ የቡና ብድር የሚጠይቅ አቅራቢ ጠረጴዛሽ ላይ ይደርሳል ብዬ እገምታለሁ። ሰውዬው ማጠቢያ ሳይት አለው። በኦዲተር የተፈረመ ሒሳብ ይዞ መጥቷል። ትርፉ በየዓመቱ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ሲያዩት ያምራል። አንቺ ግን ወረቀቱን ወደ ጎን ትተሽ የባንክ ሒሳቡን እንቅስቃሴ ትከፍቻለሽ። ኅዳር ላይ ብር ይገባል፣ ጥር ላይ ባዶ ነው፣ ከዚያ እስከ ክረምት ዝም። ገዛሁ ያለውን እሸት ቡና ትጠይቂዋለሽ። ሸጥኩ ያለውን ትጠይቂዋለሽ። 1 ኪሎ ያለቀለት ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት እንደሚያስፈልግ ታውቂያለሽ። ታባዢዋለሽ፤ አይገጥምም። ወይ የሌላ ሰው ቡና በእሱ ስም አልፏል፣ ወይ ግዢው ለብድሩ ሲባል አብጧል። ሳይቱ ድረስ ሄደሽ የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹን ትቆጥሪያለሽ፣ ዘበኛውን ታናግሪያለሽ፣ ማሽኑ የሠራበትን ቀን ትጠይቂያለሽ።

ይህን ነው የኢንቨስትመንት ባንክ ሰዎች "ዲው ዲሊጀንስ" የሚሉት። ውጭ የተማረው ልጅ ኤክሴሉን ካንቺ በተሻለ ሊሠራው ይችላል። አልጋ መቁጠርን ግን ማንም አላስተማረውም።

ሌላም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ቡና በኪሳራ የሚልክ ላኪ ሞልቶ ነበር። አብዶ አይደለም። ዶላሩን ይፈልገዋል። ቡናው ላይ የከሰረውን በሚያስመጣው ብረት ወይም መኪና ላይ ያወጣዋል። አሁን የዚያን ሰው የ2014 እና የ2015 የገቢ መግለጫ ለአንድ ከናይሮቢ ለመጣ አማካሪ ስጪው። "ይህ የቡና ሥራ አይረባም፣ ማስመጣቱን ያሳድግ" ይልሻል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ምንዛሪው ሲለወጥ የሁለቱም ስሌት ተለውጧል። የድሮውን ቁጥር ይዞ የወደፊቱን የሚተነብይ ሰው ይሳሳታል። ይህን በአፍሽ ሳይሆን በኤክሴል ማሳየት ከቻልሽ ኢንተርቪው ላይ የምትፈሪው ሰው አይኖርም።

ስለዚህ የጎደለሽ ዲግሪው ሳይሆን ኤክሴሉ ነው። የትርፍና ኪሳራ መግለጫ፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫና የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ተያይዘው አንዱ ሲነካ ሌላው የሚንቀሳቀስበትን ሞዴል ከባዶ ገጽ ተነስተሽ መሥራት መቻል አለብሽ። ቪዲዮ እያየሽ ሳይሆን ብቻሽን። ይህን ስትችዪ ለመጀመሪያ ሥራ የሚያስፈልግሽን አብዛኛውን ይዘሻል። አለቃሽ የሚፈልገውም እሑድ ማታ ቁጥር ተለውጦ ሲደወልልሽ ሰኞ ጠዋት አስተካክለሽ እንድትመልሺ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለልምምድ ብለሽ የደንበኛ ፋይል እንዳትነኪ። ስሙን ብትሰርዢውም፣ ቤትሽ ይዘሽ መሄድ አይቻልም። ሥራሽን ብቻ ሳይሆን ስምሽንም ታጫለሽ፤ በዚህ ሙያ ደግሞ ምሥጢር የማይጠብቅ ሰው አይቀጠርም። ለልምምድ ለሕዝብ የወጣ ሰነድ ተጠቀሚ። ወጋገን ባንክ በገበያው የተመዘገበ የመጀመሪያው ኩባንያ ነው። የሌሎቹም ባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት ይገኛል። አንዱን ምረጪ። የሦስት ዓመቱን አንብቢ፤ በተለይ ከኋላ ያሉትን ማስታወሻዎች። ብዙው ሰው የሊቀመንበሩን መልእክትና ፎቶዎቹን አይቶ ይዘጋዋል፤ ጉዱ ያለው ማስታወሻዎቹ ውስጥ ነው። ከዚያ በአምስት በስድስት ገጽ "የዚህ ባንክ አክሲዮን ስንት ያወጣል?" የሚል ጽሑፍ ጻፊ። ብድሩ የት ተከማችቷል? ያልተመለሰው ብድር ስንት ነው? አዲስ አክሲዮን ቢሸጥ የነባሩ ባለአክሲዮን ድርሻ ምን ያህል ይሳሳል?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ የሰጠው ቀነ ገደብ ሰኔ 2018 ነው። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅም ወጥቷል። አክሲዮን መሸጥ፣ መዋሐድ፣ አጋር መፈለግ፣ ይህ ሁሉ ባለሙያ ይፈልጋል።

ጓደኛሽ "ሰው ከሌለሽ" ያለችው ላይ አልዋሽሽም። ሰው ያስፈልጋል። ግን ሰው ማለት አጎት ማለት ብቻ አይደለም። ጽሑፍሽን ስትጨርሺ በዘርፉ ላሉ ጥቂት ሰዎች ላኪላቸው። ለኦዲተር፣ ለኢንቨስትመንት ባንክ ተንታኝ፣ ለካፒታል ገበያ የሕግ ባለሙያ። "ሥራ ካለ ያስቡኝ" አትበዪ። ያንን በየቀኑ ይሰሙታል፤ ሰልችቷቸዋል። "ጤና ይስጥልኝ፣ ገጽ 4 ላይ የአክሲዮኑን ዋጋ ያሰላሁበት መንገድ ልክ ይመስልዎታል?" በዪ። ሥራ ለሚለምን የማይመልስ ሰው ስህተት ለማረም ይቸኩላል፤ በተለይ የእኛ አገር ባለሙያ። ከመለሰልሽ አርመሽ መልሰሽ ላኪለት። ሁለተኛው መልእክት ነው የሚያስተዋውቅሽ።

ትንሽ ገንዘብ ከተረፈሽ የአንድ ባንክ ጥቂት አክሲዮን መያዝም መጥፎ አይደለም። ትርፉን ብዬ አይደለም። ባለአክሲዮን ከሆንሽ ጠቅላላ ጉባኤ ትገቢያለሽ። ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ ጉባኤያቸውን የሚያደርጉት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። አዳራሹ ውስጥ ብዙው ሰው የትርፍ ድርሻው ስንት እንደሆነ ሰምቶ ለመሄድ ነው የተቀመጠው። አንቺ የውጭ ኦዲተሩ ሲናገር ስሚ። ቦርዱን ማን ምን እንደጠየቀ፣ ቦርዱ የቱን ጥያቄ እንደዘለለ ጻፊ። ከዚያ አንድ ጥያቄ፣ ከሪፖርቱ ገጽ ጠቅሰሽ፣ ጠይቂ። ከስብሰባው በኋላ "አንቺ የት ነው የምትሠሪው?" የሚል ሰው አይጠፋም።

አሁን ለቅቄ ልምጣ ወይ ላልሽው። አትልቀቂ። ቀጥታ ወደ ኢንቨስትመንት ባንክ ከመዝለልሽ በፊት መሃል ላይ አንድ ክፍል አለ፤ በራስሽ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ። የአክሲዮን ክፍል። ማንም አይመኘውም። የባለአክሲዮኖችን መዝገብ የሚይዙ፣ የውርስና የስጦታ ዝውውር የሚጽፉ፣ ለጉባኤ ደብዳቤ የሚልኩ ሰዎች ያሉበት ነው። ትናንት የመዝገብ ቤት ያህል ነበር የሚታየው። ዛሬ ግን አክሲዮኖች ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሲገቡ፣ ባንኩ ባለሥልጣኑ ዘንድ ሲመዘገብ፣ ፕሮስፔክተስ ሲዘጋጅ፣ ሰነዱ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ክፍል ነው። የኢንቨስትመንት ባንኩ ሰዎች መጥተው የሚቀመጡት እዚያ ነው። ስምሽን ሲያውቁ፣ ፋይሉን በሰዓቱ የምትሰጫቸው ልጅ አንቺ ስትሆኚ፣ ቀጣዩ ክፍት ቦታ ሲመጣ ማንን የሚያስታውሱ ይመስልሻል? የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ተወዳደሪ። ደመወዙ እምብዛም ባይጨምርም ዝውውሩን ተቀበዪ። ከለቀቅሽ በኋላ ግን ያ በር ይዘጋል፤ የውስጥ ማስታወቂያ ለውስጥ ሰው ነው።

ያ ካልተሳካ ሁለተኛው አማራጭ ኦዲት ነው። አዋጅ 847/2006 ኩባንያዎች በዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ ሪፖርት እንዲያደርጉ ካስገደደ ወዲህ ያንን ሥራ የሚችል ሰው ይፈለጋል። ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያዎች ፈተና ከጀመርሽ ይረዳሻል። ግን የሪፖርት ወቅት ላይ እንቅልፍ የለም፤ ደመወዙም መጀመሪያ ላይ ካለሽበት ሊያንስ ይችላል። የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ጠይቀሽ ወስኚ።

ከሥራው ከባዱ ክፍል የቱ ነው ብትዪኝ፣ ባለቤቱን ማሳመን ነው። አገራችን ውስጥ ደህና የሚባሉት ድርጅቶች ብዙዎቹ የቤተሰብ ናቸው። ሰውዬው ከምንም ተነስቶ የሠራውን ድርጅት ሒሳብ አደባባይ አውጣ ስትዪው ፊቱ ይለዋወጣል። አንዳንዱ አንድ መዝገብ ለገቢዎች፣ አንድ ለባንክ፣ አንድ ደግሞ ለራሱ ብቻ አለው። ገበያ ለመግባት አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ዋይንበርግም ስሙ የገነነው በስሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ፎርድ ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ የፎርድን ቤተሰብ ያማከረው እሱ ነበር። ሽያጩ ወደ 650 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ በጊዜው ትልቁ ነበር። ቤተሰቡ ያመነው ሰው ስለነበረ ነው። አንቺም ከቡና ነጋዴ ጋር ሻይ እየጠጣሽ እውነተኛውን ቁጥር ማውጣት የለመድሽ ሰው ነሽ። ይህን ሲቪሽ ላይ "የግንኙነት ክህሎት" ብለሽ እንዳታበላሺው። "ይህን ያህል የብድር ጥያቄ መርምሬያለሁ፣ ይህን ያህሉን ውድቅ አድርጌያለሁ፣ ምክንያቱም ይህ ነው" ብለሽ ጻፊው።

ገዢ መፈለጉም ቀላል አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር፣ በቴሌብር አቀረበ። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዛ፣ ወደ 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰበሰበ። ከሽፏል የሚልም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ይላል የሚልም አለ። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ስልክ ላይ ተጭኖ የሚገዛ አክሲዮን፣ አገር የሚያውቀው ድርጅት፣ ግን ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ ገዢ አላገኘም። አክሲዮን ሲባል የሚበረግግ ሰው ብዙ ነው፤ በየጊዜው ተሰብስቦ የተበላ ገንዘብ ስላለ አይፈረድበትም። ይህን ሰው ቋንቋው ገብቶት የሚያስረዳ ባለሙያ ከቅርንጫፍ እንጂ ከየት ይመጣል?

ቦታው ግን ጥቂት መሆኑን እወቂ። ፈቃድ ያላቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ቡድኖቻቸውም ትንንሽ ናቸው። ፊልም ላይ ያለው ደመወዝ እዚህ የለም፤ ሥራው ግን ቅዳሜን አይምርም። ገበያው ከቀዘቀዘ መጀመሪያ የሚቀነሰው አዲሱ ሰው ነው። ስለዚህ እናትሽ ልክ ናቸው። ሰላም በዪልኝ። ሥራዬን አልለቅም፣ ዝውውር ነው የምጠይቀው በያቸው፤ ቅር አይላቸውም።

የባንክሽ የሒሳብ ዓመት ሰኔ ላይ ይዘጋል። ሪፖርቱ ለጉባኤው ሲወጣ ጽሑፍሽን በአዲሱ ቁጥር አድሰሽ ለእኔም ላኪልኝ። ገጽ 4ን አይልሻለሁ።